ኬክ ቆረሱልን፣ ትርፍ ሰዓቱን ግን አልከፈሉንም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሐዋሳ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? 22 ዓመቴ ነው። አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ኦፕሬተርነት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዳቶ አካባቢ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ደመወዜ 2,600 ብር ነው። ትዕዛዝ ሲበዛ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያቆዩናል። የሚከፍሉን ግን እንደ መደበኛው ሰዓት ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ በወባ ሁለት ቀን ተኛች። የጤና ጣቢያ ወረቀት ብታመጣም ከደመወዟ ቆረጡባት። የሠራተኞች ቀን ዋዜማ ላይ ቲሸርት ሰጡን፣ ኬክ ቆረሱልን፣ ‹ያለ እናንተ እኛ ምንም ነን› ብለው ንግግር አደረጉ። በማግሥቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ‹ዕቃው ሊጫን ነው፣ ግቡ› አሉን። የከፈሉን እንደ ተራ ቀን ነው። አሁን ልጆቹ ማኅበር እናቋቁም ብለው እኔን ጸሐፊ ሁኚ አሉኝ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ይመስለኛል። ግማሾቹ ደግሞ ሰኞ ማሽን አጥፍተን እንቀመጥ ይላሉ። ይርጋለም ላለችው እናቴ ስነግራት አለቀሰች። ‹የማኅበር ነገር መጨረሻው እስር ነው፣ አርፈሽ ሥሪ› አለችኝ። በየወሩ 500 ብር እልክላታለሁ። ብባረር ምን ይውጠኛል? ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ።»

ልጄ፣ የደብዳቤሽን ፎቶ ስልኬ ላይ አጉልቼ አየሁት። የእጅ ጽሑፍሽ እውነትም ያምራል። ልጆቹ አልተሳሳቱም።

ከኬኩ ልጀምር። ኬክ መቁረስ ክፉ ነገር አይደለም። ቲሸርቱንም ልበሺው፣ ልብስ ስታጥቢ ይሆንሻል። ግን ማታ «ያለ እናንተ ምንም ነን» ብሎ ጠዋት በዚያው በዓል በተራ ቀን ሒሳብ ማሠራት፣ እኔ በበኩሌ ስድብ ነው የምለው። ሚያዝያ 23 የሕዝብ በዓል ነው። ያን ቀን ያልሠራ የወር ደመወዝተኛ ምንም አይቀነስበትም። የሠራ ደግሞ ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል። ከመደበኛው ሰዓት አልፈው ካቆዩት፣ ያ ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል ይባዛል። ይሄ ጉርሻ አይደለም። አዋጅ ነው።

አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ነው። ስልክሽ ላይ አውርጂው። ሁሉንም አታንብቢ፣ እንቅልፍ ያስወስድሻል። ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ስንብትና ስለ ማኅበር የሚለውን ብቻ አንብቢ። ፋብሪካው ኢንዱስትሪ ፓርክ ግቢ ውስጥ ይሁን ውጭ፣ አዋጁ ያው አንድ ነው።

እስቲ እስክሪብቶ ያዢ። አዋጁ መደበኛ ሥራ በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። 48ን በ52 ሳምንት አባዢና ለ12 ወር አካፍዪው። 208 ሰዓት ይመጣል። 2,600 ብር ለ208 ሲካፈል 12 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። የአንድ ሰዓትሽ ዋጋ ይሄ ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሠራሽው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 18 ብር ከ75 ይሆናል። ከምሽቱ 4 በኋላ እስከ ንጋት ከሆነ በ1.75 ነው። በሳምንት የዕረፍት ቀንሽ ከሆነ እጥፍ፣ 25 ብር።

አንቺ በሳምንት አሥር ሰዓት ትርፍ ትሠሪያለሽ። በአራት ሳምንት 40 ሰዓት። 750 ብር ሊከፈልሽ ሲገባ 500 ብር ነው የሰጡሽ። 250 ብር ቀርቷል። ለእናትሽ ከምትልኪው ግማሹ ማለት ነው። አንድ ላይን ላይ እንዳንቺ ያሉ 40 ልጆች ቢኖሩ ደግሞ በወር 10,000 ብር። በዚህ ስንት ኬክ እንደሚገዛ አንቺው አስቢው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። የእናንተ አሥር ስለሆነ ከጣሪያው በታች ነው። ግን የፈቀደው ለአስቸኳይ ሥራና ላልታሰበ ነገር ነው እንጂ የየዕለት ልማድ እንዲሆን አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆነችን ልጅ ደግሞ ጭራሽ ትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ላይናችሁ ላይ እንዲህ ያለች ካለች ከራስሽ በፊት የእሷን ጉዳይ አንሺ።

የወባዋ ልጅ ነገር ግልጽ ነው። የሙከራ ጊዜዋን፣ ማለትም 60 የሥራ ቀን፣ ከጨረሰች የሕመም ፈቃድ አላት። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ከእሷ የሚጠበቀው በቀረች በማግሥቱ ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው። ወረቀቱን ሰጥታ ኮፒ ካላስቀረች አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ተመልሳ ትጠይቅ። ካርዷ እዚያ አለ። ከደመወዝ መቁረጥም እንደ ልብ የሚሆን ነገር አይደለም። ሕግ ሲያዝ፣ ፍርድ ቤት ሲወስን፣ ማኅበርና አሠሪ ተደራድረው የሚፈርሙት የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ወይም ራሷ በጽሑፍ ስትስማማ ነው። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶውን ማለፍ አይችልም። ፔይሮል ላይ ስትፈርሙ ጡረታ የሚለውንም እዩት። ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ገቢ መሆኑን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ቀን አለው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ይርጋ የሚሉት ሕግ አዋቂዎቹ ናቸው፣ ከይርጋለም ጋር ዝምድና የለውም። ባጭሩ ሒሳቡ ይቃጠላል ማለት ነው። «ቆይ ትንሽ እንይ» እያላችሁ ሁለት ዓመት ከሠራችሁ፣ አንድ ዓመት ተኩሉን ለፋብሪካው መርቃችኋል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። አልዋሽሽም። አዋጁ የማኅበር አባል በመሆንሽ ወይም በማኅበር ሥራ በመሳተፍሽ ልትሰናበቺ አትችይም ይላል። ቅሬታ በማቅረብሽም እንዲሁ። ግን አዋጁ በር ላይ ቆሞ አይጠብቅሽም። ሊያባርርሽ የፈለገ ሰው «ማኅበር ስላቋቋምሽ» ብሎ አይጽፍም። «ታርጌት አልደረሰችም» ይላል። «አርፍዳለች» ይላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት አክባሪ ሁኚ። በሥራሽ ሰበብ አትስጪያቸው። ማስጠንቀቂያ ከጻፉልሽ ኮፒውን ውሰጂ። ካልተስማማሽበት አለመስማማትሽን እዚያው ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፈርሚ። ከሥራ ካወጡሽ ደግሞ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ሦስት ወር ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ አይሰማም።

ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ይሄን በቀይ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ በ20 ዓመቴ የመጀመሪያ ሥራዬን ስይዝ አንዲት የቢሮ ሴት ሦስት ወረቀት ዘርግታ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ» አለችኝ። ሦስተኛው ባዶ ነበር። አፍሬ አልጠየቅኳትም። ከዓመት በኋላ አለቃዬ ጋር በደመወዝ ተጣላሁ። በሳምንቱ «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ አሳዩኝ። ከሥሩ የእኔ ፊርማ። እስክርቢቶውን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ፣ አረንጓዴ ነበር። ባሌ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሌላው ፍርሃት «ፋብሪካው ይዘጋል» የሚለው ነው። ሐዋሳ ላለ ሰው ይሄ ተረት አይደለም። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ከየገጠሩ ሻንጣውን ይዞ መጣ። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ለኢትዮጵያ ስታቆም ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ጥለው የሄዱም ነበሩ፣ ብዙ ልጆች ሥራ አጡ። ያ የሆነው ግን እናንተ ማኅበር ስላቋቋማችሁ አልነበረም። ደመወዛችሁ ስለበዛም አልነበረም። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳን መነሻ ደመወዝ አይተው በወር 26 ዶላር ነው፣ ልብስ ከሚሰፋባቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብለው ጽፈዋል። ርካሽ መሆን አላዳናችሁም። አለቃሽ «ብትጠይቁ እንዘጋለን» ሲልሽ ይሄን በልብሽ ያዢ። አፍ አውጥተሽ ግን አትመልሺለት፣ አያስፈልግም።

«ሰኞ ማሽን እናጥፋ» የሚሉትን ልጆች በተመለከተ፣ ንዴታቸው ይገባኛል። ግን እንዳታደርጉት። ሥራ ማቆም በአዋጁ የተፈቀደ መብት ነው፣ ነገር ግን መንገድ አለው። መጀመሪያ በአስማሚ በኩል መሞከር አለበት። ከዚያ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኘበት ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያም የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ። እናንተ ደግሞ ማኅበሩ ራሱ ገና የላችሁም። ሰኞ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ያን ሁሉ እውነት ይዛችሁ ጥፋተኛ ትሆናላችሁ። ማክሰኞ በር ላይ የስም ዝርዝር ይለጠፋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ስሞች የእነማን እንደሚሆኑ እኔም አንቺም እናውቃለን።

ታዲያ ልግባበት ላልሽኝ፣ ግቢ። ብቻሽን ግን አትግቢ። ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ሁሉም ሰው ስለሚነግርሽ እኔ ልለፈው። የምልሽ ሌላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ልጅ ስትጠይቅ «ረባሽ» ትባላለች። ሠላሳ ልጆች በተመዘገበ ማኅበር በኩል ሲጠይቁ ኤች አሩ ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ግድ ይለዋል። ጉዳዩ ከሰው ወደ ወረቀት ሲሄድ አለቃሽ ያንቺን ፊት እያየ መናደዱ ይቀንሳል።

ለማቋቋም ከባድ አይደለም። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ሊኖረው ይችላል። ተሰብስባችሁ መሪዎች ትመርጣላችሁ፣ መተዳደሪያ ደንብ ታጸድቃላችሁ፣ ስምና ፊርማችሁን ይዛችሁ እንዲመዘገብ ታመለክታላችሁ። ማመልከቻው የሚገባው ሥራና ክህሎት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው አሁንም ሠራተኛና ማኅበራዊ ነው የሚለው፣ ባጃጁም በዚያ ስም ነው የሚያደርስሽ። በ15 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ዝም ካሉ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ማመልከቻ ስታስገቡ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ ማኅተም አስመቱ። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ደንቡን ራሳችሁ ለመጻፍ አትድከሙ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ የሚሉት፣ ሐዋሳ ቅርንጫፍ አለው። በእሱ ሥር የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የአልባሳት ሠራተኞች ፌዴሬሽን አለ። ሥራቸው ይሄ ነውና ናሙና ይሰጧችኋል። የትርፍ ሰዓቱ ክስ ፍርድ ቤት የሚደርስ ከሆነ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ተማሪዎቹ ወጣት ናቸው ብለሽ አትናቂ። ከከፈልሻቸው ጠበቆች የበለጠ ያዳምጡሻል።

አመራረጡ ላይ ግን ብልህ ሁኑ። ሁላችሁም ከአንድ ላይን አትሁኑ። ከቆረጣ ክፍል፣ ከፊኒሺንግ፣ ከመካኒኮቹም ይግቡ። ስብሰባውን በአማርኛ ብቻ አታድርጉት። ሲዳምኛም ወላይትኛም ይነገርበት። በደንብ ያልሰማች ልጅ ትፈርማለች፣ ሲያስፈራሯት ደግሞ «እኔ ምኑንም አላውቅም» ብላ ትወጣለች። አልፈርድባትም። ግቢ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት አትሰብሰቡ። ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣችሁ ይሁን። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር እንዳትሰበስቡ። ማኅበር ከአለቃ ይልቅ በገንዘብ ሐሜት ነው ቶሎ የሚፈርሰው። ሲመዘገብ፣ አባሉ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ መዋጮው ከደመወዝ ተቆርጦ ለማኅበሩ ገቢ እንዲሆን አዋጁ አሠሪውን ያስገድዳል።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የሚመጣው፣ የኅብረት ስምምነት። እስካሁን የነገርኩሽ ሁሉ ሕጉ የሰጠው ዝቅተኛው ነው። ሰርቪስ፣ የምሳ ነገር፣ የታርጌት ቦነስ፣ የቤት ኪራይ ድጎማ፣ እነዚህ አዋጁ ውስጥ የሉም። በድርድር የሚገኙ ናቸው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነሣው የማታ ሰርቪስ ነው። ከሥራ ወጥቶ በጨለማ ወደ ሠፈር መሄድ ለሴት ልጅ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

እናትሽ። እሷን ሳስብ ነው ይሄን ዓምድ ሁለት ጊዜ የጻፍኩት። እናትሽ ከመሬት ተነስታ አላለቀሰችም። እዚህ አገር የሠራተኛ ማኅበር ብዙ አይቷል። አዳማ አጠገብ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሆላንዶቹ በነበረ ጊዜ ሠራተኛው ተደራጅቶ መጠየቅ የጀመረው ገና ሕግም ሳይወጣለት ነው። በ1955 የመጀመሪያው የአገር አቀፍ ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም መኮንን ከዚያው ከወንጂ የመጣ ሰው ነበር። በየካቲት 1966 መጨረሻ ያ ማኅበር አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ማኅበሩን አፈረሰው፣ በ1969 በምትኩ የራሱን አቆመ። እናትሽ የምትፈራው ከዚያ ዘመን የተረፈውን ወሬ ነው። ፍርሃቷን አትናቂባት። የደመወዝ ወለሉ ነገር ደግሞ ዛሬም አልተቋጨም። የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል አለ፣ ኢሠማኮም የሠራተኞች ቀን በመጣ ቁጥር ይሄንኑ ይጠይቃል።

ታሪክ ግን ለእናትሽ አትተርኪላት። ስለ ዕድሯ ጠይቂያት። ዕድር የሌለው የይርጋለም ሰው አላውቅም። ዕድሩ ደንብ አለው? ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው? በየወሩ ታዋጣለች? ሰው ሲሞት ድንኳኑ የማንንም ፊት ሳያይ ይተከላል? እኛም ፋብሪካ ውስጥ እንዲሁ ያለ ነገር ነው የምናቋቁመው፣ ለኀዘን ሳይሆን ለትርፍ ሰዓት ነው በያት። ካኮረፈችም ትንሽ ታኩርፍ። 500 ብሩን ግን በዚህ ወር ቀደም አድርገሽ ላኪላት።

አስበሽበት «እኔ ጸሐፊ አልሆንም፣ አባል ብቻ እሆናለሁ» ብትይም አልቀየምሽም። የቤት ኪራይሽን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ማኅበር ከጸሐፊ ይልቅ ዝም ብለው የሚፈርሙ ብዙ ሰዎች ናቸው የሚያቆሙት። ስትወስኚ ለልጆቹ በግልጽ ንገሪያቸው። ዛሬ እሺ ብለሽ ነገ መጥፋት ነው የሚጎዳቸው።

ጸሐፊም ሆንሽ አልሆንሽ፣ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ግዢ። ቀን፣ የገባሽበት ሰዓት፣ የወጣሽበት ሰዓት፣ ያቆየሽ ሱፐርቫይዘር ስም፣ የተከፈለሽ ብር። አራቱም ክፍል ተጋሪዎች በየራሳችሁ ደብተር ጻፉ፣ ማታ ማታ አመሳክሩት። በወሩ መጨረሻ ፎቶ አንስተሽ ለአንድ ከፋብሪካው ውጭ ለሆነ ለምታምኚው ሰው ላኪው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሚያዝያ 23 ብለሽ ጀምሪ። ያን ቀን ስንት ሰዓት ገብታችሁ ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ ገና አልረሳሽውም፣ ስድስት ወሩ ደግሞ መቁጠር ጀምሯል።